ስታጎርሰን እንጂ ስትጎርስ ያላየናት፦ ከሳቅ ጀርባ ስለሚደበቅ ድባቴ

ካርድ ክፍል የምትሠራ ባልደረባ አለችኝ። ካዛንቺስ አካባቢ በሚገኝ አንድ ክሊኒክ አብረን መሥራት ከጀመርን አምስት ዓመት ሆኖናል። በግቢው ሳቅ ከተሰማ መነሻው እሷ ናት። ካርዱ ጠፍቶበት መስኮቷን የሚደበድብ ቁጡ ሰው እንኳ ስቆ ነው የሚሄደው። የዕቁባችን ሰብሳቢ፣ የልደት አስታዋሽ፣ የአራስ ጥየቃ አስተባባሪ እሷው ናት። ምሳ ሰዓት ላይ ምሳ ዕቃዋን ከፍታ መሐል ታስቀምጥና «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» እያለች በየተራ ታጎርሰናለች።

ለወራት ስታጎርሰን የኖረችው ልጅ ራሷ ስትጎርስ አይተናት እንደማናውቅ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አንድ ቀን ቀሚሷ ሰፍቷት፣ ወገቡን በመርፌ ቁልፍ ሰብስባ መጣች። «ጾሙ ነው፤ ግን አማረብኝ አይደል?» አለች። ሳቅን፤ ወደየሥራችንም ሄድን።

እኔ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ሥራዬ ድባቴን መለየት ነው፤ ከእሷ መስኮት እስከ እኔ ክፍል ደግሞ አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ይህን ማብራሪያ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው፤ በሙያ ማወቄ ብቻውን ዓይን አልሆነኝም። ታሪኳን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ጽሑፉንም አስቀድማ አንብባዋለች።

ከቃሉ ልጀምር። አዲስ አበባ ውስጥ «ደበረኝ» የማይባልለት ነገር የለም። ፊልሙ ይደብራል፣ ስብሰባው ይደብራል፣ ዝናቡ ይደብራል፤ ጨዋታ የማያውቅ ሰው «ደባሪ» ነው። ቃሉ ለሁሉም ነገር ስለዋለ ጉልበቱ አልቋል። በእውነት የታመመ ሰው «ሰሞኑን ደብሮኛል» ሲለን «ና ማኪያቶ ልጋብዝህ» ብለን የምናልፈው ለዚህ ይመስለኛል። በሕክምና ድባቴ የምንለው ግን በማኪያቶ የሚያልፍ ስሜት አይደለም። እንቅልፍን፣ ምግብን፣ ሐሳብን፣ ጉልበትን የሚነካ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መረጃ በዓለም ላይ ወደ 280 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ድባቴ አለበት።

ድባቴ ለመባል ምልክቶቹ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል መቆየት አለባቸው። መግቢያ በሩ ሁለት ነው። አንደኛውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሐዘን፣ ባዶነት፣ ተስፋ መቁረጥ። ሁለተኛውን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ድሮ ደስ ይል የነበረው ነገር ደስ ማለቱን ሲያቆም ነው። ኳስ ወዳዱ ሰው ጨዋታውን ከፍቶ ያየዋል እንጂ ጎሉ ውስጡ አይገባም። ቡና አፍቃሪዋ ቡናውን ታፈላለች፣ ሽታው ግን አይጠራትም። አንድም ቀን ሳያለቅስ በዚህኛው በር ድባቴ ውስጥ የገባ ብዙ ሰው አውቃለሁ። ከሁለቱ አንዱ ካለ በኋላ የሚከተሉት ይታያሉ፤ የእንቅልፍ ማነስ ወይም መብዛት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት ወይም መጨመር፣ አቅም ማጣት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን እንደ ከንቱ መቁጠር ወይም ያለ ልክ መጸጸት፣ መንቀርፈፍ ወይም መቁነጥነጥ፣ ስለ ሞት ደጋግሞ ማሰብ። በጠቅላላው አምስት ምልክት ሲሞላና ኑሮን ሲያውክ ሐኪሙ ድባቴ ይለዋል።

ዝርዝሩን መልሳችሁ እዩት። «አይስቅም» የሚል የለበትም።

ሰው ግን በሽታውን በፊት ገጽታ ይፈልጋል። የጠወለገ ፊት፣ ያልተበጠረ ፀጉር፣ ጥግ ይዞ ዝም ያለ ሰው ካላየ «ምን ሆኖ ነው የሚታመመው?» ይላል። ስቆ የሚያስቅ፣ በሰዓቱ ሥራ የሚገባ፣ ሸሚዙን የተኮሰ ሰው ሲሆን ደግሞ ሐሳቡም አይመጣለትም። ይህ ዓይነቱ ድባቴ በምርመራ መመሪያዎች ውስጥ ራሱን የቻለ ስም የለውም። በሽታው ያው በሽታ ነው፤ የተለየው ሰውየው የተሸከመበት መንገድ ነው።

የታመመ ሰው እንዴት ይስቃል? ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉ፤ ሰው ብዙ ጊዜ ያደባልቃቸዋል። አንደኛው በሽታው ራሱ የሚፈቅደው ሳቅ ነው። አንዳንድ ድባቴ ጥሩ ነገር ሲገጥመው ለጊዜው ይገለጣል። ጓደኛ ሲመጣ፣ ቀልድ ሲቀለድ ሰውየው ከልቡ ይስቃል፤ ጨዋታው ሲበተን ደመናው ተመልሶ ይወርዳል። እንዲህ ዓይነት ሕመም ያለባቸው ሰዎች እንደ ሌሎቹ እንቅልፍ ከማጣት ይልቅ አብዝተው ይተኛሉ፣ አብዝተው ይበላሉ፣ እጅና እግራቸው እርሳስ የታሰረበት ያህል ይከብዳቸዋል፣ ሰው ትንሽ ፊቱን ቢያጠቁርባቸው ክፉኛ ይጎዳቸዋል። ሁለተኛው ሳቅ በጉልበት የሚሳቅ ነው። ባልደረባዬ ስትነግረኝ «ጠዋት በሩ ላይ ስደርስ እንደ ጋወን እለብሰዋለሁ፤ ማታ ሳወልቀው እግሬ አይሸከመኝም» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ በሰው ፊት የዋለው ጉልበት የሚከፈለው ከማታው ነው። ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጣ የቆየችባቸው ማታዎች ነበሩ።

በአማርኛ «ከአንገት በላይ ሳቅ» የሚባል አለ፤ ልብ ውስጥ ሌላ ይዞ ከላይ የሚያስመስል ሰው ሳቅ ነው፣ ስድብም ነው። ድባቴ ያለበትን ሰው ሳቅ በዚህ ዓይን ማየት ትልቅ በደል ነው ብዬ አምናለሁ። እሷ ያን ሁሉ ሰው ያሳቀችው እኛን ስለምትወድ ነው። ሳቁ ውሸት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አያደክማትም ነበር።

ለምን ይደብቃሉ? የአስተዳደጋችን ነገር አለበት። «ሆድ ይፍጀው» ብለን አድገናል። ገመናን መሸፈን ጨዋነት ነው፣ ብሶትን ማውራት ማማረር ነው፣ ማማረር ደግሞ ፈጣሪን አለማመስገን ነው ተብለናል። የቤት ምሰሶ የሆነ ሰው ይብስበታል። ታናናሾቹን የሚያስተምረው፣ ለእናቱ አስቤዛ የሚልከው፣ የሁሉም ችግር የሚደወልለት ሰው መታመም እንዳለበት እንኳ አያስብም። «እዬዬም ሲዳላ ነው» የሚለውን ተረት የዚህን ሰው ኑሮ ያህል የሚገልጠው የለም፤ ለማልቀስ እንኳ ጊዜና ቦታ ያስፈልጋል።

የስሙ ፍርሃትም አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በሀገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስለነበር፣ የከተማው ሰው ስሙን መሳደቢያ አድርጎት ቆይቷል። እዚያ ታይቶ ድኖ ሥራው ላይ ያለ ስንት ሰው እንዳለ ስለማይወራ፣ ታማሚው ቀጠሮ ከመያዝ ይልቅ ሳቁን ማጥበቅ ይቀለዋል።

ሰላምታችንንም እዩት። «እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ሰላም ነህ? ቤተሰብ እንዴት ነው?» እንጠያየቃለን፤ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «አልሐምዱሊላህ» እንባባላለን። ይህ የምወደው ባህል ነው፣ አንድም ቃል እንዲጎድልበት አልፈልግም። ነገር ግን ሰላምታ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። መልሱም ምስጋና ነው እንጂ ወሬ አይደለም። አባቱን የቀበረ ሰው እንኳ በማግሥቱ «ይመስገን» ይላል። የመጀመሪያውን «ደህና ነኝ» እንደ መልስ ቆጥሮ መሄድ ስህተቱ እዚህ ላይ ነው፤ ጥያቄው ገና አልተጠየቀም።

ባልደረባዬ ያደገችው እዚሁ ካዛንቺስ ነው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሰፈሩ ሲነሣ ከእናቷ ጋር ከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ቤቱ ከድሮው ይሻላል፣ ውኃውም መጸዳጃውም የራሳቸው ነው፤ ይህን እሷም ደጋግማ ትናገራለች። የቀረባት ሌላ ነገር ነው። በድሮው ግቢ ሦስት ጊዜ ሳል ካሳለች ጎረቤት በሩን ገፍቶ ዳማከሴ ይዞ ይገባል። ከቡና ከቀረች «ምን ሆና ነው?» ተብሎ ልጅ ይላካል። ሳቋን ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚያውቁት ሴቶች የትኛው ሳቅ የደከመ እንደሆነ በጆሯቸው ይለዩት ነበር። እነዚያ ሴቶች ዛሬ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል፤ እሷም በቀን ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ መንገድ ላይ ታሳልፋለች። ድባቴን ሰፈር መቀየር ብቻውን አያመጣም፤ የዘር ተጋላጭነት፣ ያለፈ ጉዳት፣ የሰውነት ሕመም፣ የኑሮ ጫና ተደራርበው ነው የሚያመጡት። የሚያውቅህ ዓይን ሲርቅ ግን መደበቁ ይቀላል።

ታዲያ ፊቱ ካልነገረን ምን እንይ? እኔ በመጀመሪያ የምይዘው እንቅልፍን ነው። ድባቴ ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ እንቅልፍ ቶሎ ሊወስደው ይችላል፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ዓይኑ ይፈጣል። ከዚያ እስኪነጋ ጣሪያ ነው። ጠዋት ላይ ሕመሙ ይከፋል፣ ወደ ማታ ቀለል ይላል። ባልደረባዬ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ በዕቁብ ቡድናችን ውስጥ የሚያስቁ ምስሎች ትለጥፍ ነበር። ጠዋት ሥራ ገብተን ምስሉን እያየን ስንስቅ፣ የተላከበትን ሰዓት ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

ሁለተኛ ሰውነትን። እኛ ሀገር ድባቴ ክሊኒክ የሚገባው ራሱን በሌላ ስም አስመዝግቦ ነው። «ጨጓራዬን»፣ «ራሴን ይወጥረኛል»፣ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤን ይጨንቀኛል»፣ «ትከሻዬን ይከብደኛል» ይላል። ሕመሙ እውነተኛ ነው፣ ፈጥሮት አይደለም። ምርመራው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ የጨጓራ መድኃኒት ለአራተኛ ጊዜ የሚታዘዝለት ሰው ግን ስለ እንቅልፉና ስለ ደስታው ሊጠየቅ ይገባዋል። በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት አብዛኛው ድባቴ ያለበት ሰው ለሌላ ሕመም መጥቶ፣ ድባቴው ሳይታወቅ ነው የሚመለሰው። በሌላ በኩል የታይሮይድ እጢ ሥራ መቀነስና የደም ማነስም ድባቴ ሊመስሉ ስለሚችሉ የደም ምርመራውም አይናቅ።

ሦስተኛ፣ ሰውየው ተመልካች በሌለበት ምን ይሆናል? ቅዳሜና እሑድ ስልኩ ይዘጋል? በጽሑፍ ይቀልዳል እንጂ ሲደወልለት አያነሣም? ቀጠሮ ሲይዝ ደስ ብሎት ይይዝና በሰዓቱ ምክንያት ያገኛል? መዝሙር፣ ስፖርት፣ ጸሎት፣ ልጆች፣ አንዱን ነገር ድምፅ ሳያሰማ ትቶታል? ሌሎችን መንከባከቡ እየጨመረ ራሱን መንከባከቡ እየቀነሰ ነው? ይህችን የመጨረሻዋን ምልክት የትኛውም መጽሐፍ ውስጥ በዚህ መልክ አላነበብኳትም፤ ከጉርሻው የተማርኳት ናት።

ወንዶች ላይ መልኩ ይቀየራል። ጠረጴዛውን ሁሉ የሚጋብዘው፣ ቤት ሲገባ ግን በትንሽ ነገር የሚቆጣው፣ መጠጡና ጫቱ እየጨመረ የመጣው ሰው አዝኛለሁ አይልም። አንድ ጥንቃቄም አለ። ሳቁና ጉልበቱ ከልክ አልፎ፣ ሳይተኛ የማይደክመው፣ ገንዘብ የሚበትን፣ ንግግሩ የማይያዝ ሰው ከሆነ ነገሩ ባይፖላር የሚባል ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል። የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሊያባብሰው ስለሚችል ይህ ለሐኪሙ መነገር አለበት።

አጠያየቁ ላይ ትንሽ ልቆይ። በሰው ፊት አይጠየቅም፣ በቀልድ መሐልም አይሆንም። ፊት ለፊት ተቀምጦ ዓይን ዓይኑን እያዩ ከመጠየቅ ጎን ለጎን እየሄዱ መጠየቅ ይሻላል፤ ዓይን ለዓይን ሳይጋጩ ቃሉ ይወጣል። እኔ ባልደረባዬን ያገኘኋት ከሥራ ወጥተን ወደ ስታዲየም በእግር ስንወርድ ነው። «ምን ሆነሻል?» አላልኳትም፤ መልሱ ቀልድ እንደሚሆን አውቃለሁ። «ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት።

«ምን አደርጋለሁ፣ እናንተን አስቃለሁ!»

«እና ከዚያ በኋላ?»

ረጅም መንገድ ዝም ብላ ሄደች። ሚኒባሱ ሰልፍ ጋ ስንደርስ፣ ወረፋ ይዘን ቆመን፣ ወደ ፊት እያየች «ምግብ አፌ ውስጥ ገለባ ሆኖብኛል» አለችኝ። «እናንተን ሳጎርስ ግን የበላሁ ያህል ይሰማኛል።» ወረፋችን ደረሰ፤ ሚኒባሱን አሳለፍነው።

እዚህ ላይ የብዙዎቻችን አፍ «አይዞሽ» ሊል ይቸኩላል። ውብ ቃል ነው፤ ቀድሞ ከመጣ ግን ወሬውን ይዘጋዋል። ሰውየው ገና አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያወጣ «አይዞህ» ካልነው «በቃ፣ ሰምቻለሁ» ያልነው ያህል ነው። መጀመሪያ እስኪጨርስ ይናገር፣ አይዞህ ኋላ ይድረስ። «ምን ጎደለህ?»፣ «ከአንተ የባሰ አለ»፣ «ጠንከር በል»፣ «አንተ ደግሞ! አንተ እኮ ነህ የምታስቀን» ባይባሉ ጥሩ ነው። በተለይ የመጨረሻው ሰውየውን ወደ ጭምብሉ መልሶ ያስገባዋል።

አንድ ጥያቄ አለ፤ ሁሉም ይፈራዋል። «መኖር ያስጠላህ ጊዜ አለ? ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ይህን መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ጭንቅላት ውስጥ አይተክልም። ሐሳቡ ያለበት ሰው ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ እፎይ ይላል፤ ብቻውን ይዞት የነበረውን ሌላ ሰው አየለት። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰው ራሱን በማጥፋት እንደሚሞት ይናገራል። «እኔ ባልኖር ትገላገላላችሁ» የሚል ቀልድ ሲደጋገም፣ ውድ ዕቃውን ሲያከፋፍል፣ ከከባድ ጊዜ በኋላ ያለ ምክንያት ድንገት ሲረጋጋ ቀልድ ነው ብላችሁ አትለፉት። ጠይቃችሁት «አዎ» ካለ ደግሞ ብቻውን አትተዉት፤ ሊጎዳው የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። «ለማንም እንዳትናገር» ቢላችሁም ይህንን ምስጢር መጠበቅ የለባችሁም።

ለሌላው ግን መነሻው ቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ ወደ ዘውዲቱ፣ ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ወይም ወደ አማኑኤል ሪፈር ይጻፋል። መጀመሪያ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ዘጠኝ ናቸው፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስንት ቀን እንዲህ ሆንክ እያሉ ከ0 እስከ 27 ነጥብ የሚሰጥ መጠይቅ ነው፣ በአማርኛም ተተርጉሞ እዚሁ አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ተፈትሿል። የሳቂታ ሰው ችግር መጠይቁንም እየሳቀ «ምንም የለብኝም» ብሎ መሙላቱ ነው። ስለዚህ አብሮት የሚሄድ ሰው የሚያየውን ቢናገር ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው። ሀገራችን የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የጀመረችው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ቁጥራቸው ከሕዝቡ ጋር ሲተያይ ዛሬም ጥቂት ስለሆነ ወረፋው ያሰለቻል፤ ታገሡት።

ቀለል ያለ ድባቴ በንግግር ሕክምና ብቻ ሊሻል ይችላል። ጠንከር ላለው እንደ ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊን ወይም አሚትሪፕቲሊን ያለ መድኃኒት ይጨመራል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ መጀመሪያ ላይ ነው፤ መድኃኒቱ ለመሥራት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል፣ ማቅለሽለሹና ራስ ምታቱ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል። በእነዚህ ሳምንታት ቤተሰብ ዓይኑን ከታማሚው ላይ ባያነሣ ጥሩ ነው፤ ጉልበቱ ከስሜቱ ቀድሞ ሊመለስና ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ካለው ሊፈጽመው ስለሚችል። ሌላው ሲሻለው ነው። «ድኛለሁ» ብሎ ይተወዋል፤ ሕክምናው ግን ከተሻለ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር መቀጠል አለበት፣ ሲቆምም በሐኪም እየተቀነሰ ነው።

ጠበል ለሚሄዱ አንድ ነገር ልበል፤ እናቷም መጀመሪያ ያሉኝ «ጠበል ትግባ» ነበርና። ትግባ፤ መድኃኒቷን ይዛ። አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው መሄድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። እናቷ ይህን ስነግራቸው አላመነቱም፤ ኪኒኑን ጠዋት ጠዋት በጠበል ያስውጧት ጀመር።

መድኃኒቱን ከጀመረች ሰባተኛ ወሯ ነው። በሁለተኛው ወር ልታቋርጠው ነበር፤ «እየሳቅኩ ነው እኮ» አለችኝ። ድሮም ትስቅ ነበር አልኳት። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ጠዋት እደውልላታለሁ። እንዴት ነሽ አልላትም፤ ስንት ሰዓት ነቃሽ ነው የምላት። ባለፈው እሑድ ስልኩን ያነሡት እናቷ ናቸው። «ቀስ በይ ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ገና ተኝታለች።» ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር።